የመዳቡ ክፍል አድማጭ

መምህሩ የሞቱት ተቀምጠው ነበር። ጀርባቸውን ለመዳቡ ግድግዳ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ላያቸው ሰው ሸለብ ያደረጋቸው እንጂ ነፍሳቸው የወጣ አይመስሉም። አጠገባቸው ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት፣ ትልቅ ቴርሞስ የሚመስል የብረት ገንቦ በሆዱ ተጋድሟል። ፈሳሹ የሮጠበት የወለል ላስቲክ በቅዝቃዜው ተሰነጣጥቋል። በቀኝ እጃቸው ስር አንዲት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ወድቃለች።

መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ጡረታ የተቃረበች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ሰው የሞተበት ቤት ስትገባ ከማየቷ በፊት ማዳመጥ ልማዷ ነው።

«ምንድን ነው የሚጭረው?» አለች።

ሃምሳ አለቃው አንገቱን አሰገገ። «አይጥ ይሆናል፣ አለቃ።»

«አይጥ መዳብ ይበላል?»

«የዘንድሮ አይጥ የማይበላው ምን አለ?»

አይጥ አልነበረም። ጥግ ላይ፣ በባትሪ የሚሠራ መቅረጫ ቀስ ብሎ በሚንከባለል ወረቀት ላይ ብዕሩን እያንቀጠቀጠ መስመር ይሥላል። ብዕሩን የሚያዘው ከፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ፣ ክዳኑ የተከፈተ ግራጫ ሳጥን ነው። ጌታው ሞቷል፤ እሱ ሥራውን አላቆመም።

መርማሪዋ ወረቀቱን ቆርጣ ጠቀለለችና ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሙ ከአስከሬኑ ላይ ቀና አለ። «የተመታ ቦታ የለም» አለ። «ናይትሮጅን መርዝ አይደለም፤ የምንስበው አየር አብዛኛው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል ሲፈስ ግን ይተንና ሌላውን አየር ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ሰውየው መታፈኑንም አያውቀው። ጥቂት ትንፋሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ።»

«የጣቢያችን አዛዥ ‹ቸልተኝነት› ብለው ጨርሰውታል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሽማግሌው ብቻቸውን ገቡ፣ ገንቦው አደናቀፋቸው፣ አበቃ።»

መርማሪዋ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። የመምህሩ መነጽር ዓይናቸው ላይ ነው። የመነጽሩ ማኅደር ግን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ስትነቀንቀው ኮሽ አለ። ከፈተችው። ውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ካፓሲተር የምትባል አንዲት የራዲዮ ዕቃ አለች። ሁለቱ የሽቦ እግሮቿ ጫፋቸው ተጠማዞ እንደ ጥቃቅን ቀለበት ሆኗል።

የመምህሩ ልጅ በወርክሾፑ ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። እሷም መሐንዲስ ናት፤ የጣቶቿ ጫፎች በመበየጃ ተለብልበው ጠንክረዋል። አላለቀሰችም። ተናዳለች።

«ለሰው ሁሉ ሕግ አወጣና ራሱ አፈረሰው» አለች።

«የምን ሕግ?»

«ማንም ብቻውን አይገባም። ክፍሉ በመዳብ የተለበጠው የውጭ ራዲዮ እንዳይገባ ነው፤ በሩ ሲዘጋ አየርም አይገባም። ማራገቢያ አለው። ግን ማራገቢያው ሞተር ነው፣ ብልጭታው ልኬቱን ያበላሻል። ስለዚህ ልንለካ ስንል ለጥቂት ጊዜ እናጠፋዋለን። ማብሪያው ውጭ ነው። ውስጥ ያለው በመዶሻ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ሲመታ ውጭ ያለው ያጠፋል። ሁለት ጊዜ ሲመታ ያበራል። ዝም ካለ በሩ ይከፈታል። እስከ ዛሬ ውጭ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«አረፈድኩ።»

«ለምን?»

ልጅቱ የጋብቻ ቀለበቷን በጣቷ ላይ አዞረችው። «ገበያ ገብቼ» አለች።

መርማሪዋ ቀለበቱን አየች፤ አለፈችው። «እኔ ከራዲዮ የማውቀው መክፈትና መዝጋት ነው። እስቲ ምን እንደምትለኩ ለጎረቤት እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ጫጫታ» አለች ልጅቱ፤ ስለ ሥራ ሲወራ ድምፅዋ ረጋ አለ። «ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ይንጫጫል። ይሄ ጠረጴዛም፣ ሽቦውም፣ እኛም። ጆሯችን አይሰማውም፤ ራዲዮ ግን ይሰማዋል። አድማጩ ሳጥን ደግሞ የራሱ የውስጥ ጫጫታ አለው። ከሩቅ የሚመጣ ጥሪ ከዚያ ካነሰ ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኑ ምን ያህል ደካማ ጥሪ እንደሚሰማ ለመገመት፣ መጀመሪያ ራሱ ምን ያህል እንደሚንጫጫ ማወቅ አለብዎት።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ሬዚስተር የምትባል፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ አንዲት ትንሽ ዕቃ እናስደምጠዋለን። መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረን። ስትቀዘቅዝ ጫጫታዋ ይቀንሳል። ብዕሩ በደንብ ከወረደ ሳጥኑ ጸጥተኛ ነው። እምብዛም ካልወረደ የቀረው ጫጫታ የራሱ የሳጥኑ ነው።»

«የጎረቤት ልጆች ሄደውም ቤቱ ካልረጋ፣ የሚረብሹት የራስ ልጆች ናቸው ማለት ነው።»

ልጅቱ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ፊቷ መልሶ ጠቆረ። «ወንድሜ ባሕር ላይ ነው የሞተው። እያንዳንዱ ጀልባ ጠሪ የሚባል የአደጋ ጊዜ ራዲዮ ይይዛል። ባትሪ እንዳይጨርስ አጭር አጭር ምት ነው የሚልከው፤ ጣት ካልተጫነው ደግሞ አይሠራም። ወንድሜን ሲያወጡት ጣቱ ጠሪው ላይ ነበር። ማንም አልሰማውም። አባዬ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ሳጥን ሌላ የሠራው ሥራ የለም። ነገ ጠዋት ጀልባዎቹ ሳጥኑን ይዘው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ላይ የአባዬ ስም ተጽፏል። አሁን ምን ሊሉት ነው? ‹በገዛ ዕቃው የሞተው ሰውዬ› ነው የሚሉት። ለኔ የቀረኝ ስሙ ነበር።»

መርማሪዋ ካፓሲተሯን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት። «ይህችን ታውቂያታለሽ?»

ልጅቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየቻት። ከሚገባው በላይ አየቻት። ቀለበቶቹን በጥፍሯ ነካ አደረገች።

«አላውቅም» አለች።

ናይትሮጅኑን የሚያመላልሰው ሾፌር «በረዶ» ይሉታል። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ባርኔጣውን ይጨማድዳል።

«በማለዳ ገንቦውን አስገባሁ። መምህር የሳጥኑን ክዳን ከፍተው፣ በአጉሊ መነጽር ውስጡን ያያሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ‹በረዶ፣ ሰው ልጁን ሲጠራጠር ምን ይባላል?› አሉኝ። ‹አባትነት› አልኳቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር።»

«ልጁን ነው ያሉት?»

«ልጁን ነው ያሉት። ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ነርሶቹን ይጠይቋቸው። እንዲያውም ዘገየህ ብለው ጠግቤ እስክወጣ ሰድበውኛል።»

ቀጥሎ የመጣው የመምህሩ የወጣትነት ጓደኛ፣ ወርክሾፑን አብሯቸው ያቋቋመው ሽማግሌ ነው። ጆሮው ከደከመ ዓመታት ስላለፉት ሲያወራ ይጮኻል፤ ስሙም «ጩኸቱ» ሆኖ ቀርቷል።

«ከእሳቸው ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«እ?»

«ተጣልታችሁ ነበር ወይ!»

«በየቀኑ! ‹አትቸኩል፣ ሳጥኑ ገና ነው› እለው ነበር። ልኬቱ እስኪያጠራጥረኝ አማረብኝ! እንዲህ ያማረ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ትናንት ራት ላይ በመጨረሻ ሰማኝ። ‹እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ በሚጮህ ድምፅ ነው የፈተንነው፤ ነገ እኔው ራሴ ጫጫታውን ለክቼ፣ ከዚያ በሩን ከፍቼ አጭሩን ምት አዳምጣለሁ› አለ። አማቹም ‹እኔ ወደብ ወርጄ ጠሪውን እጫንልዎታለሁ፣ አባባ› አለው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጀልባ ሆድ ውስጥ፤ ሳጥን ስገጥም! መርከበኞቹን ጠይቂ፣ ልጄ። እኔ ያለሁበትን ከተማው ሁሉ ይሰማል!»

«አማችየውን ወደቡ ላይ አዩት?»

«የመሞከሪያው ጠሪ ያለበት ጎጆ በሩ ዝግ ነበር። ውስጥ ነው ብዬ አለፍኩ።»

«ለመምህሩ ውጭ ቆመውላቸው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ። «ኳኳታውን አልሰማማ፣ ልጄ። በኔ ጆሮ ነፍሱን አያስይዝም።»

የመምህሩ አማች ለመርማሪዋ ወንበር ስቦላት፣ አቧራውን በእጁ ጠርጎላት ነው የተቀመጠው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ባሕር ላይ የሞተው የልጅቱ ወንድም የልብ ጓደኛ ነበር፤ ወንድ ልጃቸው ሲሞት መምህሩ ቤታቸው አስገቡት፣ ሙያ አስተማሩት፣ በኋላም ሴት ልጃቸውን ዳሩለት። በሰው ፊት የሚጠሩት «ልጄ» ብለው ነው።

«አባት አልነበረኝም» አለ። «እሳቸው ናቸው አባቴ።»

«ጠዋት ወደብ ነበሩ።»

«ገበያው ሲከፈት ጀምሮ የወርክሾፑ ዘበኛ ሮጦ እስኪጠራኝ ድረስ ጣቴን ከጠሪው አላነሳሁም። ይመልከቱ፣ ምልክቱ እንኳ አልጠፋም።» አመልካች ጣቱን ዘረጋ። «እሳቸውን ስጠብቅ እሳቸው እዚህ...» ፊቱን ሸፈነ።

መርማሪዋ የወረቀቱን ጥቅልል ዘረጋችለት። «ይሄስ ምንድን ነው?»

በጨረፍታ አየው። «ጫጫታ ነው። የሚነበብ ነገር የለውም።»

«ይህችስ?»

«መለዋወጫ ናት» አለ፤ ካፓሲተሯን ከመዳፏ ላይ ሳያነሳት።

መርማሪዋ አመስግናው ተነሣች። በወርክሾፑ ጓሮ በር ወጥታ ወደ ወደቡ የሚያወርደውን የድንጋይ ደረጃ ወረደች። የዘበኛው ማማ ፊት ለፊት እንጂ ወደዚህ አያይም። የጠሪው ጎጆ ደረጃው ሥር ናት። መልሳ ስትወጣ ብዙም ትንፋሽ አላጠራትም።

«ሃምሳ አለቃ» አለች፤ «ከሰዓት በኋላ ጎጆው ውስጥ ተቀምጠህ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ። ስትደክም ትለቃለህ፣ ስትነቃ ትጫናለህ።»

«እስከ መቼ?»

«ጫጫታ ማንበብ እስክማር።»

«በዚህ ዕድሜዎ?» አለና፣ ዓይኗን ሲያይ ባርኔጣውን አጥልቆ ወረደ።

ቀሪውን ቀን ከመዳቡ ክፍል አልወጣችም። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች። ማራገቢያውን አበራች፣ አጠፋች። ብዕሩን ብቻ ታያለች።

በማግስቱ ማለዳ የጀልባዎቹ ሞተር ከታች ሲያጉተመትም፣ አራቱም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ግራጫው ሳጥን፣ መቅረጫውና ያ የወረቀት ጥቅልል ተቀምጠዋል። በረዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጩኸቱ መዳፉን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። ሃምሳ አለቃው አልመጣም።

«ጀልባዎቹ ሳይወጡ እንድንጨርስ ነው ያስቸኮልኳችሁ» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ የሞቱት በቸልተኝነት ነው ተብሏል። ብቻቸውን ገብተው፣ አስቀድመው ማራገቢያውን አጥፍተው፣ ገንቦው ወድቆባቸው። እንግዲህ ይህን ወረቀት አብረን እንየው።»

ጥቅልሉን ዘረጋች።

«ትናንት የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። በሩ ሲከፈት የከተማው ጫጫታ ሁሉ ይገባል፣ መስመሩ እንደ ጉብታ ከፍ ይላል። በሩ ተዘግቶ ማራገቢያው ሲዞር መስመሩ ላይ ጥቃቅን ጭረት እንደ ሣር ይበቅላል። ማራገቢያው ሲጠፋ ሣሩ ይታጨዳል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ልጅቱ።

«መጀመሪያ ላይ ጉብታ የለም፤ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ሣር ግን አለ፤ ማራገቢያው ይዞራል። እዚህ ጋ ሣሩ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በሩ ግን አልተከፈተም። ማብሪያው ያለው ውጭ ነው። መምህሩ ውስጥ ሆነው ማራገቢያውን ማን አጠፋው?»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ብቻቸውን አልነበሩም። ሕጋቸውን አላፈረሱም፣ እህቴ። አንድ ጊዜ አንኳኩ፣ ውጭ የቆመው ሰው ሰምቶ አጠፋላቸው።»

የልጅቱ ትከሻ ወረደ። ንዴቷ ከፊቷ ላይ ሲለቅ ከስሩ ያለው ሐዘን ታየ።

«ቀጥሎ ለኩ። ይሄ የሞቀችው ሬዚስተር፣ ይሄ የቀዘቀዘችው። ከዚያ እዚህ ጋ አንድ ጉብታ አለ። በሩ ተከፈተ፤ ወዲያው ተዘጋ። ከዚህ በኋላ ሣር አልበቀለም፤ ማራገቢያው አልበራም። ረጅም ዝምታ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ጉብታ ልጃቸው ደርሳ በሩን የከፈተችበት ነው። ስለዚህ ገንቦው የፈሰሰው በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ነው፤ ያፈሰሰውም ገብቶ የወጣው ሰው ነው። ወረቀቱን ሊወስደው አልቻለም። ክፍሉ የሚተነፈስ አየር አልነበረውም፤ በኋላ ደግሞ ሰው ሞላው።»

«ማን ነው?» ብሎ ጮኸ ጩኸቱ። ይህኛው ከመስማት ችግር የመጣ ጩኸት አልነበረም።

«ሕጉን የሚያውቅ፣ ኳኳታውን የሚሰማ ሰው ነው። በረዶ ሆስፒታል ሲሰደብ ነበር። እርስዎን ደግሞ መርከበኞቹ እስካሁን ጆሯቸውን እያሻሹ ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ማለት መምህሩ ልጄ የሚሏቸው ሁለቱ።»

አማችየው ረጋ ብሎ «እኔ ወደብ ነበርኩ ብያለሁ» አለ።

«ጣትዎን ከጠሪው ሳያነሡ።»

«ሳላነሣ።»

መርማሪዋ መስኮቱን ከፍታ ነጭ መሀረብ አወጣችና አውለበለበች። ከታች፣ ከጎጆው መስኮት፣ የሃምሳ አለቃው ባርኔጣ መልሶ ተውለበለበ። መቅረጫውን አስነሳች። ብዕሩ በከተማው ጫጫታ ላይ፣ እየቆየ ቀጥ ያለች ትንሽ ጥርስ ያወጣ ጀመር። ጥርስ፣ ክፍተት፣ ጥርስ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ አየች። «የጠሪው ምት ነው» አለች በሹክሹክታ። «ሳጥኑ ይሰማዋል!»

«አሁን ይሰማዋል። ከዚህ ካፓሲተር ጋርስ?» መርማሪዋ ከማኅደሩ ያገኘቻትን ሰጠቻት። «ክዳኑ ስር ሊገጥማት የሚችል ቦታ ታያለሽ?»

ልጅቱ ፈለገች፤ አገኘች። ቀለበቶቹን ሁለት ባዶ የሽቦ ማያያዣ ችካሎች ላይ አጠለቀቻቸው። የብዕሩ መንቀጥቀጥ ሞተ። መስመሩ እንደ ክር ቀጠነ፣ አማረ። ጥርሶቹም አብረው ጠፉ።

«ይሄ ነው ያማረብኝ!» አለ ጩኸቱ።

«አስረጂን፣ እህቴ።»

«የሳጥኑን ጠቋሚ መርፌ ታከብደዋለች» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ደርቋል። «የሚንቀጠቀጠውን አማካኝ አድርጋ ታረጋዋለች። ሳይቋረጥ የሚጮህ ድምፅ ሲሆን እጅግ ደካማውን እንኳ የሚሰማ ያስመስለዋል። አጭር ምት ግን... እስኪነቃ አልፎ ይሄዳል።» ወደ መስኮቱ አየች። «ጀልባዎቹ ላይ ያሉት ሁሉ...»

«ሁሉም አሏቸው። መምህሩ ትናንት ጠዋት የዚህን ክዳን ከፍተው አገኟት። አውጥተው ኪሳቸው ከተቷት፤ ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ ትናንት ብዕሩ ሲሥል ሳጥኑ ጆሮው ተከፍቶ ነበር። አጥፊው ግን ይህን አላወቀም። ራሱ ያደነቆረው ሳጥን ምት ይሰማል ብሎ እንዴት ያስብ? ስለዚህ ጠሪውን ስለመጫን አልተጨነቀም።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ልጅቱ በሩን ስትከፍት ያለው ጉብታ ይኸው። ጥርስ አለው። ዘበኛው ወደብ ወርዶ እስኪጠራዎት ድረስ ጥርሱ ይቀጥላል፣ ከዚያ ይቆማል። ያን ጊዜ በእርግጥ እየተጫኑ ነበር። አሁን የመጀመሪያውን ጉብታ ይዩት።»

ሁሉም አጎነበሱ። ጉብታው ላይ አንዲት ጥርስ አልነበረችም።

«በዚያች ሰዓት ጎጆዋ ውስጥ ማንም አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «የት ነበርክ?»

አማችየው ግንባሩን ጠረገ። ወደ ሚስቱ ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንዲህ በሚመስል ነገር ሰው ይከሰሳል? ጣቴ ዝሎ ትንሽ አንስቼው ይሆናል። ካፓሲተሯንም ማንም ሊያስገባት ይችላል። ንገሪያቸው እንጂ፣ የኔ እመቤት።»

መርማሪዋም ወደ ልጅቱ ዞረች። ከዚህ ወዲያ የምትለው አልነበራትም። ያወቀችው ሁሉ እዚህ ድረስ ነው የሚያደርሳት፤ የቀረው በዚህች ሴት እጅ ነው።

ከታች አንድ ጀልባ ጡሩንባውን ነፋ።

ልጅቱ ካፓሲተሯን ከችካሎቹ ላይ አወጣቻት። «ትናንት ያረፈድኩት ገበያ ገብቼ ነው ብያለሁ» አለች። «ያልተናገርኩት አለ። ‹አባባ አሟቸዋል፣ ዛሬ አይለኩም፣ አትቸኩይ› ያልከኝ አንተ ነህ። አንድ ሌሊት ሙሉ አፌን ይዤ፣ ተሳስተህ ነው ስል አደርኩ።»

«ስሚኝ...»

«ሽቦ ስትበይድ ጫፉን እንደ ቀለበት ታጥፋለህ። ትናንት ብርሃን ላይ ሳያት አውቄያታለሁ። ያስተማረህ ወንድሜ ነው። ከእናንተ ከሁለታችሁ ሌላ እንዲህ የሚያጥፍ ሰው አላየሁም። አንዱ ባሕር ውስጥ ሞቷል።»

አማችየው ቁጭ አለ።

«አልሆነም» አለ። «ሳጥኑ አልሆነም። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተን ጫጫታው አልወርድ አለ። ‹ልጄ፣ ደረስን?› እያሉ በየቀኑ ይጠይቁኛል። እሱ ቢሆን ይደርስ ነበር ብለው እንዳያስቡ ነው የፈራሁት። አንድ ቀን ‹ደረስን› አልኳቸው። ሲያቅፉኝ... ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልኩም። ጊዜ ባገኝ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ነበር።»

«አጠገባቸው እንዴት ደረስክ?» አለች መርማሪዋ።

«‹እሷ ዘግይታለች፣ እስክትመጣ እኔ ልቁምልዎት› አልኳቸው። ረጅም ሰዓት አዩኝ። ‹ቁምልኝ› አሉ፤ ‹ስጨርስ የምንነጋገረው አለ።› ከዚያ በሩን ከፍቼ ገንቦውን ላንሳልዎት ብዬ አጋደምኩት። ‹ይቀመጡ፣ ማራገቢያውን ላብራ› ብዬ ወጣሁ።»

ልጅቱ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። የምትጠይቀውን ከመጠየቋ በፊት ታውቀዋለች፤ ሆኖም ከሱ አፍ መስማት ነበረባት።

«አንኳኳ?»

ባሏ እጆቹን አየ።

«አባዬ አንኳኳ ወይ?»

«ሁለት ጊዜ» አለ ባሏ። «ቀስ አድርገው። እንደማበራላቸው እርግጠኛ ሆነው።»

በረዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጀልባዎቹ አልወጡም። ጩኸቱ ባሕሩ ዳር ቆሞ አንድ ጊዜ ተጣራ፤ ሁለተኛ መጣራት አላስፈለገውም። ከሰዓት በኋላ ግራጫዎቹ ሳጥኖች በደረጃው እየተሸከሙ ተመለሱ። ልጅቱ አንድ በአንድ እየከፈተች ቀለበት እግር ያላቸውን ካፓሲተሮች አወጣች። መርፌዎቹ ሁሉ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ እንደ ቀድሞው የማያምሩ፣ ግን እውነተኛ።

መርማሪዋ ልትሰናበት ስትመጣ ልጅቱን መዳቡ ክፍል በር ላይ አገኘቻት። ልብሷ ላይ የሐዘን ጥቁር ደርባለች፤ በእጇ የአባቷን መዶሻ ይዛለች።

«ዛሬ? ገና ሳትቀብሪያቸው?»

«ምን ያህል እንደቀረን ማወቅ አለብኝ» አለች። ወደ ጩኸቱ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቁሙልኝ።»

«እ?»

«ውጭ ይቁሙልኝ!»

ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አልሰማሽም፣ ልጄ! አንቺንም ልቅበር?»

እጁን ያዘችና መዳፉን ዘርግታ መዳቡ ግድግዳ ላይ አስቀመጠችው። አጥብቃ ያዘችለት፤ ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች።

ጩኸቱ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ኳኳታ መጣ፤ የሽማግሌው ጣቶች ብርግግ አሉ፤ በሌላ እጁ ማራገቢያውን አጠፋ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። መርማሪዋ ሁለተኛውን ምልክት ስትጠብቅ በሩን ልትከፍት እጇን ሁለት ጊዜ ሰድዳ መለሰች። ሽማግሌው ግን አልተነቃነቀም፤ ግንባሩንም ጭምር መዳቡ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ቀስ ተደርጎ።

ሁለተኛው ሳያበቃ ማራገቢያው መዞር ጀመረ።